የልጄን ጾም ለሲስተሯ እንዴት ልንገራቸው?

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ስሆን ባለቤቴ የታክሲ ሹፌር ነው። ዐሥር ዓመት የሆናት የመጀመሪያዋ ልጃችን እስከ አራተኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት ከተማረች በኋላ ዘንድሮ መነኮሳት እኅቶች በሚያስተዳድሩት አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ለአምስተኛ ክፍል ቦታ አግኝታለች። ስትመዘገብ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ መስከረም በቀረበ ቁጥር ግን ሐሳብ ያዘኝ። እኛ የተዋሕዶ ልጆች ነን። አማቴ ‹በገዛ ገንዘብሽ ልጅቱን ሃይማኖቷን ልታስለውጫት ነው› ብለው ካኮረፉኝ ሰንብተዋል። ልጄ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ጠዋት ሰልፍ ላይ ጸሎት እንዳለ፣ አንዳንድ ጊዜም ቅዳሴ እንደሚኖር ሰምቻለሁ። ከጓደኞቿ እንዳትለይ ብዬ ‹እንደ እነሱ ሆነሽ ዋዪ፤ ቤት ስትመጪ የራስሽን ትጸልያለሽ› ብያታለሁ። የወላጆች ስብሰባ መግባትም ከብዶኛል፤ ሌሎቹ ልጆቻቸው መዋዕለ ሕፃናት ከገቡ ጀምሮ የሚተዋወቁና በመኪና የሚመጡ ናቸው። ዓመቱን እንዴት ብጀምረው ይሻላል?»

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ወደ መልሴ ከመግባቴ በፊት ምክሬ ከየት በኩል እንደሚመጣ ዐውቀው እንዲመዝኑት አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እኔ በግእዝ ሥርዓት ያደግኩ ካቶሊክ ነኝ፤ እዚሁ አዲስ አበባ መሀል ከተማ ባለ የካቶሊክ ትምህርት ቤትም ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ።

ከጠየቁኝ ሁሉ አስቀድሜ የምይዘው ለልጅዎ የነገሯትን ቃል ነው። «እንደ እነሱ ሆነሽ ዋዪ» ያሏትን እባክዎ ዛሬውኑ ያንሡላት። ቃሉ ከፍቅር እንደወጣ አልጠራጠርም፤ በአዲስ ክፍል ውስጥ ጣት እንዳይቀሰርባት ፈርተው ነው። ዐሥር ዓመት የሆናት ልጅ ግን ከዚህ ቃል የምትይዘው ሌላ ነገር ነው፤ የቤታችን ሃይማኖት ሰው ፊት የማይወጣ፣ የሚደበቅ ነገር ነው ብላ ትይዘዋለች። ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ አንድ ገጽ፣ በቤቷ ሌላ ገጽ ይዛ መኖር ይጀምራታል፤ ይህም ለአዋቂ እንኳ የሚከብድ ሸክም ነው።

ይህን የምለው በዐይኔ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት አምስተኛ ክፍል ሳስተምር፣ እንደ ልጅዎ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረችኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የምሳ ዕቃዋን ክዳን እንደ ግድግዳ አቁማ፣ ከኋላው ጎንበስ ብላ የሽሮ ፍትፍቷን ፈጠን ፈጠን አድርጋ ስትበላ አያት ነበር። ድህነቷን የምትሸሽግ መስሎኝ አይቼ እንዳላየሁ አልፋታለሁ። አንድ ረቡዕ ቀን ከልጆቹ የአንዷ ልደት ስለነበረ ኬክ መጣና ለሁሉም ታደለ። እሷም ድርሻዋን አመስግና ተቀበለች። ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ደብተሯን ልታሳየኝ ወደ ጠረጴዛዬ ስትመጣ፣ የሰማያዊ ሹራቧ ኪስ በቅባት ርሶ፣ ነጩ ክሬም በስፌቱ በኩል ሲወጣ ተመለከትኩ። አዲስ ዩኒፎርም በሁለተኛ ሳምንቱ እንዲህ ይደረጋል ወይ ብዬ በልጆቹ ፊት ተቆጣኋት። አንዲት ቃል አልመለሰችልኝም፤ እንባዋ ብቻ ደብተሩ ላይ ጠብ አለ። ነገሩ የገባኝ እናቷ ሊወስዷት ሲመጡ ነው። ልጅቱ ጿሚ ነበረች። ኬኩን እንዳትበላው ጾሙ፣ «ጾመኛ ነኝ» እንዳትል ደግሞ ከቤት የተነገራት «እንደ እነሱ ሁኚ» የሚል ቃል ከለከላት፤ እህል መጣል ነውር እንደሆነም ታውቃለች። ስለዚህ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ያን ቀን ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሳልጠይቅ ተቆጥቻለሁ፤ በማግስቱም በተቆጣኋት ቦታ፣ በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ይሁንና ከቤቷ አንድ መስመር ጽሑፍ ቢደርሰኝ ኖሮ ያች ልጅ ያን ሁሉ ረቡዕና ዓርብ ከክዳን ኋላ ባልተደበቀች ነበር። ስለዚህ ነው የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ልቤ ወደ ልጅዎ የሄደው።

ትምህርት ቤቱ የእርስዎን ልጅ እንደ እንግዳ ነገር ያያታል ብለው ከፈሩም ስጋትዎን ትንሽ ላቅልልዎ። በአገራችን የካቶሊክ ምእመናን ቁጥር ከሕዝቡ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ክፍል ልጆች መካከል የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጆችን ማግኘት የተለመደ ነው። ትምህርት ቤቱን የሚመሩትን መነኩሲት፣ ሲስተሯን፣ «ልጄ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች» ብለው ሲያነጋግሯቸው እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም። የቤተ ክርስቲያኔም አቋም ግልጽ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ያጸደቀው የሃይማኖት ነጻነት ድንጋጌ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው እምነት ጋር የማይስማማ ትምህርት እንዲከታተሉ ቢገደዱ የወላጆች መብት እንደሚጣስ በማያሻማ ቃል ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን ደግሞ በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን የነገርኩዎ አንቀጽ ይዘው ወደ በሩ እንዲሄዱ አይደለም፤ የሚጠይቁት ውለታ እንዳልሆነ ዐውቀው አንገትዎን ቀና አድርገው እንዲነጋገሩ ነው።

አሁን ወደ አነጋገሩ ልምጣ። ጠዋት በር ላይ፣ መምህራን ልጆች በሚቀበሉበትና ደወል ሊደወል ጥቂት ደቂቃ በቀረበት ሰዓት ይህን ጉዳይ አያንሡ፤ የሚሰማዎት ሰው አያገኙም፣ ቅርም ይልዎታል። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ልጆች ከተለቀቁ በኋላ፣ በመጀመሪያ የክፍል ኃላፊ መምህሯን ያነጋግሩ፤ ልጅዎን ምሳ ሰዓት ላይ የሚያዩዋት እሳቸው ናቸውና። ቀጥሎ ርዕሰ መምህሯን። መነኮሳቱን «ሲስተር» ብሎ መጥራት በቂ ነው፤ ካህናቱ «አባ» ይባላሉ፤ ወንዶች ልጆች በሚማሩባቸው አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሚያገኟቸው «ብራዘር» የሚባሉት ደግሞ ክህነት የሌላቸው፣ ሕይወታቸውን ለማስተማር የሰጡ ገዳማውያን ናቸው። ይህን ያነሣሁት ብዙ ወላጆች በአጠራሩ እየተሳቀቁ ከቢሮው በር ሲመለሱ ስላየሁ ነው። ቢሳሳቱም ማንም አይቀየምዎትም።

ሲገቡ ነገሩን አያዙሩት። ልጅዎ የተዋሕዶ ልጅ መሆኗን፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐበይት አጽዋማት እንደምትጾም፣ በጸሎት ሰዓት በአክብሮት እንደምትቆም ይንገሯቸው። ከዚያ ይጠይቁ፤ ግብረ ገብ ለሁሉም የሚሰጥ ከሆነ ምን ምን ያካትታል? የካቶሊክ ትምህርተ ሃይማኖት ለካቶሊክ ልጆች ለብቻው ነው ወይስ በጋራ? ቅዳሴ በሚኖርበት ቀን ሌሎቹ ልጆች የት ይሆናሉ? የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አሠራር ስለሚለያይ እኔ ከዚህ ሆኜ ልመልስልዎ አልችልም፤ እነሱ ግን በደስታ ይነግሩዎታል፤ የሚሰሙት መልስ የማይስማማዎ ከሆነም የዚያኑ ዕለት፣ ገና ቅሬታ ሳይጠራቀም፣ የማይስማማዎትን ይናገሩ።

ከሁሉም በላይ ግን ልጅዎን ያዘጋጇት። በሰልፉ ላይ የምትሰማው አብዛኛው ነገር ለእሷ ባዕድ አይደለም። «አባታችን ሆይ»ን ታውቀዋለች፤ የቃላቱ አቀማመጥ ጥቂት ቢለያይ ጸሎቱ ያው ጌታ ያስተማረው ነው። ማማተቡም ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ነው፤ የለመደችውን መቀየር አያስፈልጋትም። ቅዱስ ገብርኤል ለእመቤታችን ያቀረበውን ሰላምታ ስትሰማም ከቤቷ የምታውቀውን ታገኝበታለች፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ልመና ግን በሁለቱ ዘንድ ልዩ ልዩ ስለሆነ፣ የማታውቀው ቃል ሲመጣ ዝም ብላ በአክብሮት መቆም እንደምትችል ይንገሯት። ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ማስመሰል የለባትም። ዝም ማለት ነውር እንዳልሆነ ከእናቷ አፍ ከሰማች ሰልፉ ላይ ሰውነቷ ዘና ይላል።

ስለ ቅዳሴ ለየት አድርጌ ልናገር። ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማምተው ልጅዎ የምትገኝ ከሆነ ከሁለት ዓይነት አንዱን ታያለች። በግእዝ ሥርዓት የሚቀደስ ከሆነ ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲሉ ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ ሲመልስ ትሰማለችና ቤቷ ያለች ይመስላታል። በላቲን ሥርዓት ከሆነ ዜማውም፣ መቀመጡና መንበርከኩም እንግዳ ይሆንባታል። በሁለቱም ግን ቍርባን ለመቀበል ሰዎች ሲነሡ በቦታዋ ትቀመጥ። በቤተ ክርስቲያንዎና በእኛ መካከል የቍርባን አንድነት የለም፤ ይህም የሚያሳዝነኝ እውነት ነው፤ ቢሆንም አንዲት ሕፃን የምትፈታው ጉዳይ አይደለም። አስቀድመው ይንገሯት የምልዎ፣ በእሷ ዕድሜ ያሉ የካቶሊክ ልጆች ለመቍረብ ስለሚነሡ፣ ከጎኗ ያለችው ጓደኛዋ ስትነሣ በድንጋጤ ተከትላ የምትነሣ ልጅ ስላየሁ ነው።

ወደ አማትዎ ልለፍ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ቢያልፏቸውም የልብዎ ቁስል እዚያ ይመስለኛል። የእሳቸውን ፍርሃት እንደ አሮጌ ሰው ወግ አይቁጠሩባቸው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ በአገራችን ብዙ ደም ፈስሷል፤ በ1632 ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ ወንድም ከወንድሙ ተጋድሏል። ያ ትዝታ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ የልጅ ልጅ ሲነገር የመጣ ነው። እኔ ካቶሊክ ሆኜ ይህን ሳነብ አዝናለሁ፤ እምነት በአዋጅና በጦር የሚመጣ ነገር እንዳልሆነ በዚያ ዘመን አለመታየቱ ያሳዝነኛል። ስለዚህ አማትዎ «ሃይማኖቷን ልታስለውጫት ነው» ሲሉ «ኧረ እማማ፣ ዘመኑ ተለውጧል» ብለው አያልፏቸው። ፍርሃትዎ ይገባኛል ይበሏቸው።

ከዚያም ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛው፣ የቤቱን የንስሐ አባት አስጠርተው አማትዎ፣ ባለቤትዎና ልጅዎ ባሉበት ያማክሯቸው። እርስዎ ቀኑን ሙሉ ቢያስረዱ የማይወጣው ነገር ከእሳቸው አንድ ቃል ሊወጣ ይችላል፤ እሳቸው የሚያስጠነቅቁት ነገር ቢኖርም ጆሮ ሰጥተው ይስሙት። ሁለተኛው፣ ልጅዎን በአጥቢያዎ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስመዝግቧት፤ ተመዝግባ ከሆነም ዘንድሮ በትምህርት ብዛት አመካኝተው አያስቀሯት። እርስዎ ለትምህርት ቤቱ የሰጡት የሒሳቧን፣ የሳይንሷንና የሥነ ሥርዓቷን አደራ ነው እንጂ የሃይማኖቷን አደራ አይደለም። ያ አደራ ከቤትዎ እንዳልወጣ አማትዎ በየእሑዱ በዐይናቸው ካዩ ኩርፊያው ይረግባል። የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያደርሷት እሳቸው ራሳቸው ቢሆኑማ ምንኛ ጥሩ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ በከተማችን ያለው የካቶሊክ ካቴድራል በልደታ ለማርያም ስም የተሰየመ ነው። ግንቦት 1 ቀን ከጎረቤት ጋር ንፍሮ ቀቅለው ልደታን ለሚያከብሩ እናት፣ የልጅ ልጃቸው የምትውልበት ወገን እመቤታችንን የሚያከብር መሆኑን ማወቅ ትንሽ ያሳርፋቸው ይሆናል።

ስለ ትምህርቱ በአጭሩ። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ ስድስተኛ ክፍል የሚማሩት በአብዛኛው በአማርኛ ነው፤ የልጅዎ አዲስ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውጤቷ ሊወርድ ይችላል። «ይህን ሁሉ ከፍለንልሽ» የሚለው ቃል ከቤትዎ እንዳይሰማ አደራ እላለሁ። ቃላቱን እስክትለምድ ጊዜ ይስጧት፤ ማጠናከሪያ ትምህርት ካለ ይጠይቁላት።

የወላጆች ስብሰባውን ግን እንዳይቀሩ። መጀመሪያ ሲገቡ ሌሎቹ በስም ሲጠራሩ፣ ስለ ልጆቻቸው የድሮ መምህራን ሲያወሩ ባይተዋር መሆን እንደሚያም ዐውቃለሁ። ቢሆንም ስለ ክፍያ፣ ስለ ሰርቪስ፣ ስለ ፈተና የሚወሰነው እዚያ ነው፤ የወላጅ መምህር ኅብረት ተወካዮችም የሚመረጡት እዚያው ነው፤ ያልተገኘ ወላጅ ሌሎች የወሰኑለትን ይቀበላል። ደግሞ ባዶ እጅዎን የሚገቡ አይምሰልዎ። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ይመልከቱ፤ እጅጌው ጣቱን የሸፈነ፣ ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የደረሰ ልጅ ሞልቷል፤ ወላጅ ዩኒፎርም የሚያሰፋው ለሁለት ዓመት አስቦ ነውና። ከጎንዎ የተቀመጡትን እናት ስምዎን ነግረው፣ ልጅዎ አምስተኛ ክፍል አዲስ መሆኗን፣ እርስዎም ልብስ ሰፊ መሆንዎን ይንገሯቸው። በመኪና የመጡትም ቢሆኑ የልጃቸውን ቀሚስ እጥፋት አስተካክሎ የሚሰፋላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በኋላ በስም የሚጠሩዎት ሰዎች ይኖራሉ። ሥራዎን እንደ ማነስ የጻፉት መስሎኝ አዝኛለሁ፤ ልጅዎ የገባችው በእጅዎ ሥራ መሆኑን አይርሱ።

ከስብሰባውም፣ ከሲስተሯ ጋር ከሚያደርጉት ንግግርም የሚቀድም አንድ ሥራ አለዎት። ዛሬ ማታ ልጅዎን ጎንዎ አስቀምጠው የነገሯትን ቃል እንዳነሡት ይንገሯት፤ «ተሳስቼ ነበር፤ አንቺ በቤትም በትምህርት ቤትም ያው አንቺ ነሽ» ይበሏት። ከዚያም እሷ እያየች በኮሚኒኬሽን ቡኳ (መምህርና ወላጅ በሚጻጻፉበት ደብተሯ) ላይ ይህን ይጻፉ፤ «ለክፍል ኃላፊ መምህሯ፤ ልጄ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ስትሆን ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ በእነዚህ ቀናት የምትይዘው የጾም ምግብ ነው። በልደትና በመሳሰለው ዝግጅት የሚታደል ነገር ካለ ‹ጾመኛ ነኝ› ብላ እንድትመልስ ነግሬያታለሁ። በሚመችዎ ቀን መጥቼ ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ። ከአክብሮት ጋር፣ እናቷ።» ልጅዎ ጮክ ብላ ታንብበው፤ የሚስተካከል ቃል ካለም እሷው ታስተካክለው። መምህሯ ምን ብለው እንደመለሱ ደግሞ ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።